የማይበሳው ኳስ፦ የፔታንክ ተጫዋች የሚስማማውን ኳስ እንዴት ይመርጣል?

ከጅቡቲ ከተማ መሀል በስተደቡብ የሚገኘው አምቡሊ በይበልጥ የሚታወቀው በዓለም አቀፍ አየር ማረፊያው እና ከዚያው በሚዋሰነው ካምፕ ሌሞኒዬ ነው። ሰፈሩ የአሜሪካ ጦር ከመግባቱ በፊት የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ይዞታ ነበር። ጅቡቲ ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1977 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ያስተዳደሯት ፈረንሳዮች ከቋንቋቸውና ከዳቦ አጋገራቸው ጋር አንድ ጨዋታም ትተው ሄደዋል፤ ፔታንክን።

ኳስ አንከባሎ ዒላማ መምታት ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ቦውሊንግ ይሄዳል። በአስመራ በእንጨት የሚሠሩት ዒላማዎች በሰው እጅ እየተነሱ የሚደረደሩበት አሮጌው የቦውሊንግ አዳራሽ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። በቦውሊንግ ግን ኳሱ የተጫዋቹ የሚሆነው ከተገዛ በኋላ ነው። እስከ 7.26 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ኳስ ለጣቶቹ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ሲበሱለት ባለሙያው የተጫዋቹን ውርወራ አይቶ ኳሱ የሚሽከረከርበትን ዘንግ ይፈልጋል። የኳሱ የውስጥ እምብርት አናት ከዚህ ዘንግ ጫፍ ላይ ወይም 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሆነ ኳሱ በአንድ መስመር ላይ ረግቶ ይሽከረከራል። በሁለቱ መካከል ከሆነ ግን የመሽከርከሪያው መስመር እየተቀያየረ፣ ዘይት ያልነካው የኳሱ ገጽ ወለሉን እየያዘ ኳሱ በኃይል ይታጠፋል።

በፔታንክ ይህ ሁሉ ክልክል ነው። ኳሱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ መብሳት፣ እርሳስ ወይም አሸዋ መሙላት፣ ብረቱን ለማለስለስ እንደገና በእሳት ማጋል ከውድድር ያስወጣል። የተጫዋቹን ስም መቅረጽ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ቦውሊንግ ተጫዋች በመሰርሰሪያ የሚያስተካክለውን የፔታንክ ተጫዋች በግዢው ዕለት መወሰን አለበት። በስህተት የተገዛ ኳስ መፍትሔው ሌላ መግዛት ብቻ ነው፤ ኳሶቹ ደግሞ በሦስት በሦስት ስለሚሸጡ ስህተቱ ኪስ ይጎዳል።

ፔታንክ የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በደቡብ ፈረንሳይ ላ ሲዮታ ከተማ ነው። ቁርጥማት መንደርደር የከለከለው ዡል ሌኗር ከጨዋታ እንዳይቀር ተብሎ ሁሉም በክብ ውስጥ ቆሞ እንዲወረውር እንደተወሰነ ይነገራል። ስሙም የመጣው «የተተከሉ እግሮች» ከሚል የፕሮቫንስ አባባል ነው። ተጫዋቾች ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቃ ወደምትቀመጠው፣ ፈረንሳዮች «ኮሾኔ» ወይም ግልገል አሳማ ወደሚሏት ትንሽ የእንጨት ኳስ የብረት ኳሶቻቸውን ያስጠጋሉ፤ ቀድሞ 13 ነጥብ የያዘ ያሸንፋል።

ለውድድር የሚፈቀድ ኳስ ስፋቱ ከ70.5 እስከ 80 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ650 እስከ 800 ግራም ነው። ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጫዋቹ ሚና በዚህ ውስጥ ይለያል።

ኳሱን ወደ ኮሾኔ የሚያስጠጋው «ፖዋንተር» አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ከበድ ያለ ኳስ ይመርጣል። ትንሽ ኳስ ለባላጋራ ዒላማነት አይመችም፣ ከባድ ኳስ ደግሞ ሲመታ በቀላሉ አይገፋም። በገጹ ላይ የተቀረጹ መስመሮች ያሉት ኳስ ጣት ላይ አያዳልጥም፤ መሬቱንም ይዞ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የባላጋራን ኳስ መትቶ የሚያባርረው «ቲረር» ግን ሰፋ፣ ቀለል ያለና ለስላሳ ገጽ ያለው ኳስ ይሻላል። ሰፊ ኳስ ዒላማውን የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ቀላል ኳስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወረወር ክንድ አያዝልም። ብረቱ ለስለስ ያለ ከሆነ ከምቱ በኋላ ብዙ አይነጥርም። መትቶ በተመታው ቦታ ላይ መቅረት፣ «ካሮ» የሚባለው፣ የቲረር ሕልም ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ተጫዋች መካከለኛውን ይዞ ቢጀምር አይቆጭም።

ከሚናው በፊት ግን እጅ ይቀድማል። ኳሱ መዳፍ ወደ መሬት ዞሮ ስለሚወረወር ጣቶች ሳይጨናነቁ ሊይዙት ይገባል። ሻጭ «ይህ የሻምፒዮኖች ኳስ ነው» ቢልም፣ በመዳፍ የማይጸና ኳስ ለማንም አይጠቅምም።

የአምቡሊ መሬት የራሱ ጥያቄ አለው። ሰፈሩ ስሙን የሚጋራው፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈሰው ወንዝ አሸዋና ጠጠር ይዞ ይወርዳል። በጠጠር ላይ ጠንካራ ብረት ይነጥራል፤ ለስላሳው ደግሞ ቶሎ ይጫጫራል። ስለሆነም ፖዋንተር ኳሱን ከማንከባለል ይልቅ ወደ ላይ አጉኖ ጠብ ማድረግ ያዋጣዋል። የባሕሩ ጨዋማ አየር ተራ ብረትን ስለሚያዝግ፣ የማይዝግ ብረት ቢወደድም ለባሕር ዳር ከተማ ይመረጣል። ተራውን የገዛ ከጨዋታ በኋላ ጠርጎ በዘይት የነካ ጨርቅ ያሸዋል። በሐምሌ ፀሐይ የተተወ ብረት እጅ ስለሚለበልብም ኳሶቹ ተራ እስኪደርስ ጥላ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ይህ ጨዋታ ከፈረንሳይ ውጭ ምን ያህል ሥር ሊሰድ እንደሚችል ማዳጋስካር አሳይታለች። የማዳጋስካር ወንዶች በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በ2016ም በገዛ ከተማቸው በአንታናናሪቮ ድሉን ደግመውታል።