ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና፦ ከፓርላማ እስከ እስር ቤት

እኔ ናኪቫሌ ካምፕ ልጆች አስተምራለሁ። ለወረቀት ጉዳይ ካምፓላ ስመጣ የማርፈው ካባላጋላ ነው። እዚያ ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ የአገር ቤት ፖለቲካ አይቀርም። ባለፈው አንዱ «ምኒልክ አገር አቀና» ሲል ሌላው «ወረረን እንጂ!» አለና ሁለተኛው ሳይቀዳ ተኮራረፉ። ሁለቱም የኛው ስደተኞች ናቸው። ያኔ ነው ስለ ፕሮፌሰር መረራ ልጽፍ ያሰብኩት፤ እሳቸው ይህንኑ ጠብ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ሰው ናቸውና።

መረራ የአምቦ አካባቢ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የመኢሶን አባል ነበሩ፤ ደርግ ሰባት ዓመት አሰራቸው። ከዚያ በኋላ ትምህርታቸውን ቀጥለው ሆላንድ አገር ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፖለቲካል ሳይንስ አስተማሩ። በ1988 ዓ.ም. የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስን መሠረቱ። በ1997ቱ ምርጫ ፓርላማ ገቡ። በ2002ቱ ግን መድረክ ከ547 ወንበር ያገኘው አንድ ብቻ ስለሆነ እሳቸውም ወንበራቸውን አጡ። ዛሬ የኦፌኮ ሊቀመንበር ናቸው።

በጽሑፋቸው የኢትዮጵያን ታሪክ የምናይበት ሦስት መንገድ አለ ይላሉ። አንዱ አገር ግንባታ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የብሔር ጭቆና ይላል፤ ሦስተኛው ቅኝ ግዛት ይላል። በአማርኛ «የሚጋጩ ሕልሞች» የሚሉት ይህንን ነው። መፍትሔው በእሳቸው አስተያየት አንዱ ሌላውን ማሸነፍ ሳይሆን ብሔራዊ መግባባትና እውነተኛ ዴሞክራሲ ነው።

ዋጋም ከፍለውበታል። በ2009 ዓ.ም. ብራስልስ በአውሮፓ ፓርላማ ንግግር አድርገው ሲመለሱ ታሰሩ። በዚያው መድረክ በሽብር የተፈረጁት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ነበሩ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ጥሰዋል ነው የተባለው። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2010 ተፈቱ። በ2013ቱ ምርጫ ኦፌኮ አባሎቼ ታስረዋል፣ ቢሮዎቼ ተዘግተዋል ብሎ አልተወዳደረም።

በሐሳባቸው የማይስማማ ብዙ አለ፤ አማራውም ኦሮሞውም ይወቅሳቸዋል። እኔ ግን ከሳቸው አንድ ነገር ወሰድኩ። ክፍሌ ውስጥ አማራም ኦሮሞም ልጆች አሉ። አሁን የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ አያቱ የነገሩትን ያወራል፤ ጨርሶ እስኪቀመጥ ማንም አያቋርጠውም። ቀላል አይደለም፣ አንዳንዴ ይጮሃሉ። ግን እስካሁን ተኮራርፎ የወጣ ልጅ የለም።