የ2011 የቤተስዳ ክሌብሲየላ ወረርሽኝ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው የብሔራዊ ጤና ተቋማት ክሊኒካል ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2011 የተከሰተ የሆስፒታል ወረርሽኝ ነው። መንስኤው ካርባፔነም የተባሉትን ብርቱ አንቲባዮቲኮች የሚቋቋም ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነበር። ባክቴሪያው 18 ሕሙማን ላይ የተገኘ ሲሆን 11ዱ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ 6ቱን የገደለው ራሱ ባክቴሪያው እንደሆነ ታምኗል።

መነሻና መተላለፊያ

የመጀመሪያዋ ታካሚ በሰኔ ወር ከኒውዮርክ ሆስፒታል ስትዛወር ባክቴሪያውን እንደያዘች ታውቆ ስለነበር ለብቻዋ ተኛች፤ የሚጠጓት ሁሉ ጋውንና ጓንት ያደርጉ ነበር። ከወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሁለተኛ ታካሚ ተገኘ። ባክቴሪያው በሌላ ሰው አዲስ ገብቶ ይሆን? የዘረመል ንባብ ይህን ግምት አዳክሞታል፤ 6 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ካለው ዘረመል ውስጥ በሕሙማኑ መካከል የተለያዩት ጥቂት ፊደላት ብቻ ነበሩ። በ2012 የታተመው ጥናት ከእርሷ ሦስት የተለያዩ መተላለፎች እንደተነሡ ደምድሟል። ታዲያ በእነዚያ ሳምንታት ባክቴሪያው የት ከረመ? ከሁሉ አሳማኙ መልስ ምልክት ሳያሳዩ በአንጀታቸው የያዙ ሕሙማን ናቸው የሚለው ነው። ያልታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመረመር፣ የታመመውን ብቻ መለየት ሰንሰለቱን ሊበጥሰው አይችልም።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ። ባክቴሪያው በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ ውስጥ፣ እንዲሁም በበረኪና ከጸዳ በኋላ በአንድ ሰው ሠራሽ መተንፈሻ ላይ ተገኝቷል። ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ሆኖም ዕቃው ላይ መገኘቱ ዕቃው ከሕመምተኛ መቀበሉን እንጂ ለሕመምተኛ ማስተላለፉን ብቻውን አያረጋግጥም። ሆስፒታሉም ሁለቱንም መንገድ ለመዝጋት መሞከሩ ትክክል ነበር፦ ግድግዳ ሠርቶ ተሸካሚዎቹን ለየ፣ ክፍሎቹን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንፋሎት አጸዳ፣ የቧንቧ መስመር ነቀለ፣ የሠራተኞችን እጅ መታጠብ የሚከታተሉ ሰዎች ቀጠረ፣ ያልታመሙትንም ሕሙማን በየጊዜው መረመረ። ርምጃዎቹ በአንድነት ስለተወሰዱ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ መለየት ያስቸግራል፤ የተደበቁትን ተሸካሚዎች ያወጣው ግን ምርመራው ብቻ ነው።

ወረርሽኙ በ2011 መጨረሻ ቢገታም በ2012 ሌላ ታካሚ እዚያው ተይዞ ሞቷል። ስለዚህ ባክቴሪያው ከሕንፃው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር ለማለት አያስደፍርም።

ሕክምና

ከቀሩት ጥቂት አማራጮች አንዱ ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክ ነበር። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ግን ባክቴሪያው እርሱንም ተቋቁሟል።