የጻቮ ሰው በላ አንበሶች፤ በፊልምና በታሪክ

የታሪክ ተማሪ ስለ ሲኒማ ሊጽፍ ሲነሣ ነገሩ ከቁም ነገር ይልቅ ለጨዋታ የቀረበ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሆኖም ብዙ ሰው ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ያለፈ ዘመን የሚያውቀው ከመጻሕፍት ይልቅ በፊልም ያየውን ስለሆነ፣ ፊልሙ የነገረንን ከታሪኩ ጋር ማስተያየት የእኛ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ በ1996 የወጣውን «መንፈሱና ጨለማው» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም መነሻ አድርገን፣ በ1898 በዛሬይቱ ኬንያ በጻቮ ወንዝ አጠገብ የሆነውን እንመረምራለን። የምንጠይቀውም ሁለት ነገር ነው። አንበሶቹ ሰው ወደ መብላት የደረሱት ስለምን ነው? የተበሉትስ ሰዎች እንዴት ተቆጠሩ? ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርስ የምድር ባቡር መዘርጋት የጀመረው በ1896 ነበር። ሥራው በ1901 ሐይቁ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች በውል ከህንድ አገር መጡ፤ ከእነርሱም ወደ 2,500 የሚሆኑት በልዩ ልዩ ምክንያት፣ ይልቁንም በበሽታ፣ ሞተዋል። ሐዲዱ ከሞምባሳ 132 ማይል ላይ ጻቮ ሲደርስ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሆኖ ጆን ሄንሪ ፓተርሰን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን በመጋቢት 1898 ተላከ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሁለት አንበሶች ሌሊት እየመጡ ሠራተኞቹን ከድንኳናቸው ጎትተው ይወስዱ ጀመር። ሠራተኞቹ ሰፈራቸውን በእሾህ አጠሩ፤ እሳት አነደዱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ እየደበደቡ አደሩ። ይህ ሁሉ አልጠቀማቸውም። አንበሶቹ በአንድ ሌሊት አንዱን ሰፈር፣ በሌላው ሌሊት ራቅ ያለውን ስለሚመቱ፣ ፓተርሰን ጠመንጃውን ይዞ በሚጠብቅበት ቦታ አይገኙም ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በባቡሩ ፊት ሐዲዱ ላይ ተኝተው አስቆሙትና ተሳፍረው ሸሹ። ሥራውም ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ። ነገሩ ለንደን ደርሶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሳልስበሪ በጌቶች ምክር ቤት እስከ መናገር ደርሷል። ፓተርሰን የመጀመሪያውን አንበሳ ታኅሣሥ 9፣ ሁለተኛውን ታኅሣሥ 29 ቀን 1898 ገደለ። ድልድዩ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ፤ ፓተርሰንም ያየውን በ1907 በመጽሐፍ አሳተመ።

ይህ ታሪክ ለሲኒማ የተመቸ መሆኑ አያስደንቅም። በ1952 የወጣው «ብዋና ዴቪል» የተባለው ፊልም፣ ተመልካቹ ልዩ መነጽር አድርጎ የሚያየው የመጀመሪያው ረጅም ባለቀለም ፊልም ሲሆን፣ የተመሠረተው በዚሁ በጻቮ ታሪክ ነው። በ1996 የወጣው ደግሞ ዊልያም ጎልድማን የጻፈው፣ ስቲቨን ሆፕኪንስ ያዘጋጀው፣ ቫል ኪልመርና ማይክል ዳግላስ የተጫወቱበት ነው። የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነው። በድምፁ ቅንብር የአሜሪካን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ሣሩ ውስጥ ሲንኰሻኰሽ የሚሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ሽልማቱ እንደሚገባው አይጠራጠርም።

ፊልሙ ከታሪኩ የወሰደው ብዙ ነው። በባቡር ፉርጎ የተሠራው ወጥመድ፣ ለማባበያም ሰዎች ከብረቱ ወዲያ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ አንበሳውም ገብቶ ሲተኰስበት አምልጦ መሄዱ፣ ፓተርሰን በማማ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ማደሩ ሁሉ በመጽሐፉ የተጻፈ ነው። የተለወጠውም ጥቂት አይደለም። ማይክል ዳግላስ የተጫወተው አሜሪካዊ አዳኝ በታሪክ ያልነበረ ሰው ነው፤ ሁለቱንም አንበሶች የገደለው ፓተርሰን ነው። በፊልሙ የሚታዩት አንበሶች ጎፈራም ናቸው፤ የጻቮዎቹ ግን ወንዶች ሆነው ሳለ ጎፈር አልነበራቸውም። ይህ ግን ጥቃቅን ነገር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ለውጥ፣ ፊልሙ አንበሶቹን ለደስታቸው ብለው የሚገድሉ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ክፉ መናፍስት አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ሠራተኞቹ አንበሶቹ በሐዲዱ የተቈጡ የሞቱ አለቆች መናፍስት ናቸው ይሉ እንደ ነበር ፓተርሰን ራሱ ጽፏል። በየሌሊቱ ወንድሙን የሚያጣ ሰው እንዲህ ቢል አንፈርድበትም። የታሪክ ጸሐፊ ግን ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ነገሩን ከተወው ምክንያቱን መፈለግ ያቆማል።

ምክንያቱስ ምን ነበር? አንደኛው በአንበሳው አፍ ውስጥ ተገኝቷል። ፓተርሰን ሁለቱን ቆዳዎች ለብዙ ዓመት በቤቱ ወለል ላይ አንጥፎ ከቆየ በኋላ ከራስ ቅሎቻቸው ጋር በ1924 ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በ5,000 ዶላር ሸጣቸው። ተመራማሪዎች ቅሎቹን ሲመረምሩ መጀመሪያ የተገደለው አንበሳ አንዱ ክራንቻው ተሰብሮ ሥሩ መግል ይዞ እንደ ነበረ አገኙ። እንዲህ ያለ አውሬ ታግሎ ጎሽ ወይም የሜዳ አህያ ከሚጥል ይልቅ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው መያዝ ይቀልለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከአገሩ ሁኔታ የመጣ ነው። በጻቮ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከሐዲዱ በፊት የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ቅፍለት ይሄድበት የነበረ መንገድ ነው። በዚያ የደከመና የታመመ ሰው ሲወድቅ በወደቀበት ይቀር ነበር። በዚህ ላይ ዝናብ ጠፍቶ በ1890ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ረኃብ ገባ። አውሬው የሰው ሥጋ የለመደው ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት ሊሆን ይችላል ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ።

ሦስተኛው ምክንያት እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ነው። ደስታ በሽታ የተባለው የከብት ዕልቂት በ1887 ከውጭ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ የአገራችንን ከብት ከሞላ ጎደል ጨርሶ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የጠሩትን ረኃብ እንዳመጣ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ጅቡ፣ ነብሩና አንበሳው በረኃብ የደከመውን ሰው በየመንደሩ ይደፍረው እንደ ነበር ስለ ዘመኑ የተጻፉ ታሪኮች ይመሰክራሉ። በሽታው ግን በእኛ ዘንድ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890 እና 1891 የማሳይን ከብትና የምሥራቅ አፍሪካን ጎሽ ፈጀ፤ በ1897ም እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ። እንግዲህ የክፉ ቀንና የጻቮ ታሪክ በተለያየ መጽሐፍ ቢጻፉም አንድ መቅሠፍት ሁለቱንም አገሮች እንደ ነካ ማስተዋል ይገባል። የጻቮን አንበሶች ሰው በላ ያደረገው ይህ በሽታ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የሚያድኑትን እንዳሳነሰባቸው ግን ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንምጣ። ፓተርሰን በመጽሐፉ የተበሉት ህንዳውያን ሠራተኞች 28 ናቸው ሲል፣ ከዚህም ሌላ መዝገብ ያልተያዘላቸው ብዙ አፍሪካውያን እንዳሉ ጽፏል። ኋላ ግን ቊጥሩን ወደ 135 ከፍ አደረገው። ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ? በ2009 የታተመ ጥናት የአንበሶቹን አጥንትና ፀጉር በኬሚካል መርምሮ፣ ክራንቻው የተሰበረው 24 ያህል፣ ሌላው 11 ያህል፣ በጠቅላላው 35 ያህል ሰው እንደ በሉ ገምቷል። ጥናቱ የተበላውን እንጂ ተገድሎ የተጣለውን ስለማይለካ ይህም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በ2024 ደግሞ በጥርሶቻቸው ቀዳዳ የቀረው ፀጉር ተመርምሮ ከቀጭኔ፣ ከሳላና ከሜዳ አህያ ጋር የሰው ፀጉር ተገኝቷል።

በእኛ አስተያየት ከቊጥሩ ልዩነት ይልቅ የልዩነቱ ምክንያት ይከብዳል። ህንዳዊው ሠራተኛ በውል የመጣና ደመወዝ የሚጻፍለት ስለ ነበር ሲሞት ከመዝገቡ ይፋቃል፤ ስለዚህ ተቆጠረ። የአገሩ ተወላጅ ግን በመዝገቡ ስላልነበረ ሞቱም አልተጻፈም። ድልድዩ ስንት ብር እንደ ፈጀ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ስንት ሰው በአጠገቡ እንደ ተበላ አላወቀም። ፊልሙም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ የመሐንዲሱን ፍርሃትና ጀግንነት እያንዳንዱን አሳይቶን ሲያበቃ፣ የሟቾቹን ብዙዎች ስም ሳንሰማ ያልፋሉ።

ይህን ስንል ፊልም አይታይ ማለታችን አይደለም። አንድ ሰው በድንኳን ውስጥ ሆኖ የአውሬውን ኮቴ ሲሰማ የሚይዘውን ፍርሃት ከማናቸውም ሰነድ አብልጦ የሚያሳየን ፊልሙ ነው። ነገር ግን ከሲኒማ ቤት ስንወጣ አንበሳው ምን ያህል አስፈሪ ነበር ከማለት አልፈን፣ እነዚያን ሰዎች በእሾህ አጥር ውስጥ ያሳደራቸው ማን ነው፣ ሲሞቱስ ማን ጻፋቸው ብለን ልንጠይቅ ይገባል። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የተወውን ከመቶ ዓመት በኋላ የአንበሳው አጥንትና ፀጉር በመጠኑ መልሶልናል፤ ስማቸውን ግን ሊመልስልን አልቻለም።