የምጣዳችን ታሪክ፦ ከጉልቻ እስከ ሬዚስታንስ



እንጀራ ጋግረን ለምንሸጥ ሴቶች የተቃጠለ ምጣድ ማለት የተበላሸ ሊጥ፣ የቀረ ደንበኛ፣ የጎደለ የእቁብ ብር ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የምጣዳችንን ታሪክ ልናነሳ ወደድን።

አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መብራት ያየችው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ ለሰፈራችን የቀረላት ፒያሳ የሚለው ስም ነው። ከፊት ለፊት ሱቁና ሲኒማ ቤቱ በመብራት ሲያሸበርቅ፣ ከጓሮ ግን እናቶቻችን ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው ጭስ ይጠጡ ነበር። ማገዶውም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሴቶች ጀርባ ይወርድ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ወደ ማዕድ ቤታችን ግን አምፖሉ ቀድሞ ገባ፤ ምጣዱ ዘግይቶ ተከተለ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣም ሸክላው አልቀረም። ከሸክላው ሥር ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ የምንለው የተጠማዘዘ ሽቦ ይዘረጋል። ማሟሸቱም፣ ማሰሻውም፣ አክንባሎውም እንደ ጥንቱ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዱ ምጣዳችን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብን። ጠጋኙ በየጊዜው የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን እያጠማዘዘ ይመልስልናል። ከጥገናው በኋላ ምጣዱ ቶሎ ስለሚግል «እጁ ይባረክ» እያልን ነበር። በሦስተኛው ግን ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣበቀ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሽቦው መቋቋምም ወደ 14 ኦም ነው። ሽቦው አጥሮ 12 ኦም ሲሆን ከ18 አምፔር በላይ ይስባል። ቶሎ መጋሉ የጤና አልነበረም፤ ሽቦውንም፣ ስፒናውንም፣ ቤቱንም የሚያቃጥል ነበር።

አሁን ምጣድ አልግል ሲል እንዲህ እናደርጋለን። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍተን ስፒናውን እንነቅላለን። ስፒናው ጠቁሮ ወይም ላልቶ እንደሆነ እናያለን። ቀጥሎ በቴስተር የስፒናውን ሁለት እግሮች እንለካለን። ምንም ካላነበበ ገመዱ ወይም ሬዚስታንሱ ተበጥሷል፤ ከ14 በጣም ካነሰ ሽቦው አጥሯል፣ ሙሉው ይቀየር። የምጣዱ ቆርቆሮ ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዙንም ሳናረጋግጥ አንጋግርም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፤ በየበሩ የምናውቀው ጠጋኝም አብሮ ተበተነ። ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ እህቶቻችን ምጣዱ ቢበላሽ የሚመለሱበት ጉልቻ የላቸውም። ስለዚህ ይህ እውቀት ከእንግዲህ በእጃችን መሆን አለበት። ቴስተሩ በማኅበራችን ቤት አለ፤ መለኪያውን ያልተማራችሁ ኑና ተማሩ፣ የተማራችሁም ለጎረቤታችሁ አሳዩ።