የዱር እንጆሪና ጤዛ፤ ትዝታ ለታሪክ ምስክር ሲሆን

የስዊድን ስም በአገራችን ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ሲኒማ አይደለም። የሚታሰቡን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ የደረሱት ሚስዮናውያን፣ በ1930ዎቹ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ያስተማሩት መኰንኖች፣ ደግሞም በ1954 በአዲስ አበባ የተከፈተው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ናቸው። ሆኖም ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች ከዚያች አገር ልንመረምረው የሚገባ አንድ ፊልም አለ፤ ይኸውም ኢንግማር በርግማን በ1957 ያወጣውና በማግስቱ ዓመት በበርሊን የወርቅ ድብ የተሸለመው «የዱር እንጆሪ» ነው። የስዊድንኛው ስም በቀጥታ ሲፈታ እንጆሪ የሚበቅልበት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ በዚያ አገር ሰው አነጋገር ልብ የማይረሳውን፣ ተመልሰው የሚሄዱበትን የተወደደ ቦታ ሁሉ ያመለክታል። የእኛ አገር እንጆሪ እሾኻም ነው፤ ለፊልሙ ስም ግን ይኸም አይከፋም።

ኢሳክ ቦርግ የተባለ የ78 ዓመት ሐኪም፣ የሐኪምነቱ 50ኛ ዓመት ሊከበርለት ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ ከምራቱ ከማሪያን ጋር በመኪና ይጓዛል። በመንገድ በልጅነቱ ክረምቱን ያሳለፈበት ቤት ዘንድ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈው ዘመን ያለ ሥርዓት፣ አንዳንድ ጊዜ በሕልም፣ አንዳንድ ጊዜ በቀን ሐሳብ እየመጣ ይጎበኘዋል። ቦርግን ሆኖ የተጫወተው ቪክቶር ሼስትረም ራሱ የስዊድን ድምፅ አልባ ሲኒማ አባት ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ በ1921 የሠራው ስመ ጥር ፊልምም ስለ ጸጸት ነው። በርግማን ግን ይህን የሽማግሌ ታሪክ የጻፈው 40 ዓመት ሳይሞላው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው።

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር በእንጆሪው ስፍራ የሚታየው ነው። ሽማግሌው፣ በወጣትነቱ ያጫት ሳራ እንጆሪ ስትለቅም ወንድሙ ሲግፍሪድ መጥቶ ሲስማት ያያል። ነገር ግን ያን ቀን ኢሳክ በስፍራው አልነበረም፤ ከአባቱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር። እንግዲህ የሚያስታውሰው ያላየውን ነው። ይሁንና ያንን ያላየውን ነገር ዕድሜ ልኩን እንደ ቍስል ይዞት ኖሯል፤ የኑሮውም ብርድ ከዚያ የጀመረ ይመስላል። እኛ በምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ገበያ ዳር ተቀምጠን አንዱን ሽማግሌ ስለ ጠላት ዘመን ብንጠይቃቸው፣ አባታቸው ያዩትን እንደ ራሳቸው አይተው ሊነግሩን ይችላሉ። ይህን ሐሰት ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንጥለውም። «አየሁ» እና «ሰማሁ» የተባለውን ለይተን መጻፍ አለብን፤ ያልታየው ነገር እንደታየ ሆኖ መቀመጡ ግን ራሱ አንድ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ሰውየው ለምን እንደዚያ ያዘው የሚለውን ጥያቄ ይከፍታልና።

ሌላው የሚያስደንቀን የአግዳ ነገር ነው። አግዳ ቦርግን 40 ዓመት ያገለገለች የቤት ጠባቂ ስትሆን፣ በጉዞው ፍጻሜ ሽማግሌው «እርስዎ» መባባሉን ትተን «አንተ»ና «አንቺ» እንባባል ቢላት አልተቀበለችም። ይህ ለብዙ የውጭ ተመልካች ቀልድ ብቻ ነው። አማርኛ ለሚናገር ሰው ግን ትርጓሜ አያሻውም፤ ዘግይቶ የመጣ ቅርበት ለሌላው ሸክም እንደሚሆን ከቤታችን እናውቀዋለን።

ይህን ፊልም ከአገራችን ሥራ ጋር ስናነጻጽር ወዲያው የሚታሰበን በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ2008 ያወጡት፣ በቬኒስ ልዩ ሽልማት፣ በ2009ም በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ነው። አንበርብርም እንደ ቦርግ የሕክምና ሰው ነው፤ ጀርመን አገር ተምሮ በ1990 ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ እንዴት እንዳጣውም አያስታውስም። የሰፈሩ ሰው አእምሮው ታውኳል ብሎ ጠበል ይወስደዋል፤ ያለፈው ዘመንም ቍርጥራጭ ሆኖ ይመለስበታል። ከአረርቲ ለመጣን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል በቅርባችን ነውና፣ ጠበል በሽታ ብቻ ሳይሆን የተደበቀ ነገርም የሚወጣበት ስፍራ መሆኑን ከልጅነታችን ሰምተናል።

በትዝታው የምናየው የጀርመን ተማሪዎች ክርክር፣ የ1966 ዓ.ም. አብዮት፣ የደርግ ዘመን ግድያ፣ የጓደኛው የተስፋዬ አሟሟት፣ በኋላም ዘረኞች አንበርብርን ደብድበው ከመስኮት የጣሉበት ሌሊት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። የቦርግ ጸጸት በአንድ ቤት ውስጥ ያለ የግል ጸጸት ነው፤ የአንበርብር ግን የአንድ ትውልድ ነው፤ አገር አሻሽላለሁ ብሎ የተነሣ ወጣት ያየውን ደም መሸከም ነው። ስለዚህ «ጤዛ» ሸክሙ የከበደ ነው፤ በአንዳንድ ክፍልም ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ለመናገር ሲቸኩል ይታያል። የበርግማን ፊልም ጥቂት ነገር ይዞ ጠልቆ ይሄዳል፤ በዚህ በኩል የስዊድኑን ሥራ እናስቀድማለን።

በቦርግ ሕልም ፈተና ፊት ቀርቦ የሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ አያስታውሰውም። መልሱ ይቅርታ መጠየቅ ነው ይሉታል። በዚያው ዕለት ማታ ልጁ ኤቫልድ ስላለበት ብድር ሊያነሣለት ይሞክራል፤ ልጁ ግን ገንዘብህን ትቀበላለህ ብሎ በሌላ ይተረጕመዋል። ነገሩ ሳይጨርሱት ይቀራል፤ ሁለቱም ግን አንድ ጣራ ሥር አሉ። አንበርብር ይቅርታ የሚጠይቀው ተስፋዬ ከሞተ ቆይቷል። በመንደሩ የተገለለችው አዛኑ ልጅ ስትወልድለት ፊልሙ ያበቃል፤ ሕፃኑ ስለ ጀርመን አገርም ሆነ ስለ 1966 የሚያውቀው ነገር የለም።