የጥድ ችግኝ በምዕራብ አዲስ አበባ፦ ከእንጦጦ ደን እስከ ቦንሳይ

ቦንሳይ ጥልቀት በሌለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ የሚያድግ፣ ቅርንጫፉ እየተገረዘና ሥሩ እያጠረ ትንሽ ሆኖ የሚቆይ፣ መልኩ ግን ያረጀ የተራራ ዛፍ የሚመስል ተክል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ጀማሪዎች ለዚህ ሥራ ከችግኝ ጣቢያ የሚገዙት ስፕሩስ የተባለውን የብርድ አገር ዛፍ ነው። ስፕሩስ በኢትዮጵያ ደኖች በተፈጥሮ አይበቅልም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ የእርሱን ቦታ ሊይዝ የሚችለው የሐበሻ ጥድ ነው። ይህ ዛፍ ከደን ወጥቶ በላስቲክ የሚሸጥ ችግኝ እስኪሆን የተጓዘው መንገድ ከዋና ከተማዋ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ስፕሩስ ከሚመደብበትና ኮኒፈር ከሚባለው የዛፍ ወገን ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የምታበቅለው ሁለት ብቻ ነው፤ ጥድና ዝግባ። ጥድ በዓለም ካሉት የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ረጅሙ ሲሆን ቁመቱ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ስለሚስማማው የእንጦጦና የወጨጫ ተዳፋቶች የተፈጥሮ ቤቱ ናቸው። እንጨቱ መዓዛ ያለውና ምስጥ የማይደፍረው በመሆኑ ለቤተ ክርስቲያንም ለቤተ መንግሥትም ሥራ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። በአገሪቱ ቀደምት ከሚባሉት የዛፍ ተከላ ትውፊቶች አንዱም የሚናገረው ስለ ጥድ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ ዛሬ መናገሻ ሱባ በሚባለው ደን እንዳስተከሉ ይነገራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦ ጥድ ቀድሞውኑ መመናመን ጀምሮ ነበር። የቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱና የሠራዊቱ ቤቶች ግንድ ይፈልጋሉ፤ የየቤቱ ምድጃም በየቀኑ እንጨት ይበላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአቅራቢያው ያለው ደን ስላለቀ የግንባታ እንጨት ከመናገሻ ድረስ ይጎተት ጀመር። ችግሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻ ከተማቸውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር።

ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አገር የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ያስመጣው ፈረንሳዊው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ በብዛት ይጠቀሳል። ምኒልክ ችግኙን በማከፋፈልና ለተከለ ሰው የግብር ምሕረት በማድረግ ተከላውን አበረታቱ። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል በሚል ስጋት አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም በተግባር አልዋለም፤ ከተማዋ ያለ እርሱ መኖር አትችልም ነበርና።

የዚያ ዘመን ውጤት ዛሬም በኮልፌ የእንጨት ገበያ፣ በአጠና ተራ ይታያል። ለጭቃ ቤት ግድግዳ የሚሆነው አጠና፣ ለማገር የሚፈለገው ቀጭን እንጨት፣ ለሕንፃ መወጣጫ የሚቆመው ረጅም ግንድ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ብልጫ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ሲቆረጥ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ሳይተክል ደጋግሞ ይቆርጣል። ጥድ ግን ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ በቦታው ሌላ ዛፍ ለማግኘት ከዘር መጀመር የግድ ነው። እንጨት በአስቸኳይ ለምትፈልግ ከተማ ዘገምተኛው ዛፍ የማይመች ሆነ፤ ጥድ በአመዛኙ በአድባራት ቅጥርና ሰው በማይደርስባቸው ተዳፋቶች ተወስኖ ቀረ።

ችግኝ ማፍላት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በዚሁ የእንጨት ፍላጎት ምክንያት ነው። በቀድሞው አሠራር ዘር በመደብ ላይ ይዘራል፤ ቡቃያው ሲጠነክር ሥሩ ያለ አፈር ተነቅሎ ይተከላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ችግኙን በአፈር በተሞላ ላስቲክ ማሳደግ እየተለመደ መጣ። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ በኋላም ደርግ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ሰፋፊ የማገዶ ደኖችን አስተከለ። ከመካከለኛው አሜሪካና ከሜክሲኮ የመጣው የፈረንጅ ጥድም በችግኝ ጣቢያዎች ቦታ አገኘ፤ ቶሎ ስለሚያድግና በመቀስ መከርከም ስለሚችል የግቢ አጥር ሆኖ ተስፋፋ። የላስቲኩ ጥቅም ከሥሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ችግኙ አፈሩን ይዞ ስለሚጓጓዝ ገዢው ሥሩ ሳይጎዳ ወደ ፈለገው ዕቃ ያዛውረዋል።

የሐበሻ ጥድ ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ የተመለሰበት ትልቁ ምዕራፍ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች 705 ሄክታር ቦታ ተሰጠው። ማዕከሉ ከመቋቋሙ በፊት ይዞታው በአብዛኛው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ደረጃ በደረጃ በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ያዘ፤ ከእነዚህም አንዱ ጥድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ደግሞ የችግኝ ፍላጎትን በአገር ደረጃ አሳደገ። መንግሥት በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል።

የቦንሳይ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ዛፎችን በሳህን የያዙ አገልጋዮች ተሥለዋል፤ በጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1309 የተጠናቀቀ የሥዕል ጥቅል ተመሳሳይ ተክሎችን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1923 ከደረሰው የቶኪዮ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የከተማዋ የቦንሳይ ባለሙያዎች ወደ ኦሚያ ሄደው በ1925 የራሳቸውን መንደር መሠረቱ። ከምዕራባውያን ችግኝ ጣቢያዎች የሚገዛው ድንክ ስፕሩስ ደግሞ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 በካናዳ አልበርታ ነው። በጃፓን ከፍተኛ ክብር ካላቸው የቦንሳይ ዛፎች አንዱ ሺምፓኩ ሲሆን፣ እርሱና የሐበሻ ጥድ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው።

ስፕሩስ በበረዶ ወራት እድገቱን ገትቶ የሚያርፍ ዛፍ በመሆኑ የአዲስ አበባ አየር አይስማማውም፤ ጥድ ግን በአገሩ ነው። ለቦንሳይ የሚመረጠው ችግኝ ረጅሙ ሳይሆን ግንዱ ከሥሩ ወፈር ያለና ዝቅተኛ ቅርንጫፎቹ ያልደረቁ ነው። ዝናብ በሚጀምርበት በሰኔ ወይም በሐምሌ ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ዙሪያውን የተጠማዘዘው ሥር ይፈታል፣ ከመጠን ያለፈውም ይቆረጣል። ውሃ እንዳይተኛበት በግንባታ ሥራ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አድቅቆ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይጠቅማል። ቅርንጫፍ ሲገረዝ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል መቅረት አለበት፤ ቅጠል ያልቀረበት የጥድ ቅርንጫፍ ይሞታል። በአንድ ወቅት ሥሩንም ቅርንጫፉንም በብዛት መቁረጥ ዛፉን ያደክማል። ከተዛወረና ካገገመ በኋላ ቅርንጫፉ በመዳብ ሽቦ ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። ዛፉ የሚቀመጠው ፀሐይ በሚያገኝበት ደጅ ሲሆን፣ በበጋ ወራት አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ ማግኘት ይኖርበታል።

በከተማዋ ገበያ ጥድን ያስናቀው ዝግታው በቦንሳይ ሥራ ትልቁ ሀብቱ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ የተሰጠውን ቅርጽ ለብዙ ዓመታት ይይዛል። ትንሽ ዛፍ ከተራራ ነቅሎ ማምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጃፓን የዱር ሺምፓኩ በሰብሳቢዎች ብዛት ከተራሮቹ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ ከእንጦጦና ከወጨጫ የተረፈው ጥድም ለነቀላ የሚበቃ አይደለም። ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ የቦንሳይ ትክክለኛ መነሻ ከችግኝ ጣቢያ የተገዛው ጥድ ነው። አንዱ ለሸክላ ዕቃው ሲገዛ ሌላው ለግቢው ቢተከል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረው ዛፍ በከተማው ውስጥ ቁጥሩ ይጨምራል።