የወጣው ምንድን ነው?

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ከአንዲት ወጣት ሚስት ቤት ቡና ተፈልቷል። ስሟን ተዉት፤ እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈሩ አለች። ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ፣ ቱቦው ፈንድቶ፣ ደም ወደ ሆዷ እየፈሰሰ በሌሊት ኦፕራሲዮን ሆናለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ሁለተኛው ሳይቀዳ ግን አንዷ ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይኔ ልጄን! ማህፀኗ ወጣ እኮ፤ ከእንግዲህ ወር አበባም የለ፣ ልጅም የለ» አለች። ወሬው ሲኒ ሳይታጠብ ደረጃውን ወርዶ ሰፈር ገባ።

ወገኖቼ፣ የወጣው ማህፀን አይደለም! የወጣው የቀኙ ቱቦና ከጎኑ ያለችው እንቁላል ማምረቻ ነው፤ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏት፣ ርዝመቷ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች። የግራዋ በቦታዋ አለች። ሆርሞን የምታመነጨው እሷ ናት፤ በዚያ ሆርሞን የማህፀን ግድግዳ ይወፍራል፣ ፅንስ ካልመጣ ይፈርስና ይፈስሳል። ወር አበባ ይኸው ነው። «እንግዲህ በሁለት ወር አንዴ ነው የምታየው» የሚሉም አሉ፤ አይደለም። የቀረችው ኦቫሪ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ እንቁላል ትለቃለች። የቀረው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ማርገዝ ይቻላል።

ሁለቱም ቱቦዎች ቢወጡስ? ኦቫሪና ማህፀን እስካሉ ወር አበባው ይቀጥላል። በተፈጥሮ መንገድ ማርገዝ ግን አይቻልም፤ እንቁላልና ዘር የሚገናኙት ቱቦ ውስጥ ነውና። እዚህ ላይ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። ሌዝሊ ብራውን የምትባል ሴት ቱቦዎቿ ተዘግተውባት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናፈቀች። ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስ እንቁላሏን ከኦቫሪዋ ወስደው፣ ከባሏ ዘር ጋር በላቦራቶሪ አዋህደው ወደ ማህፀኗ መለሱት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ልጇ ሉዊዝ ተወለደች። ያ ጥበብ ዛሬ አዲስ አበባም ገብቷል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል።

ሁለቱም ኦቫሪዎች ሲወጡ ነው ነገሩ የሚከብደው። ወር አበባ ወዲያው ይቆማል። ሌላዋ ሴት በዕድሜዋ ቀስ እያለች የምትደርስበት ማረጥ በዚህችኛዋ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ሰውነቷ ይግላል፣ ሌሊት በላብ ትጠመቃለች፣ እንቅልፍ ይርቃታል፣ ውሎ አድሮም አጥንቷ ይሳሳል። ወጣት ከሆነችና የሚከለክላት ሕመም ከሌለ፣ እስከ 50 ዓመቷ ገደማ ምትክ ሆርሞን ያስፈልጋታል። ይህችን ሴት «ጠባይዋ ተለወጠ» እያሉ ማማት ግፍ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይዟት የሚሄድ ሰው ነው የሚያሻት።

እናቶች፣ እህቶች፣ ባሎችም ስሙኝ። ከሆስፒታል ሳትወጡ ሐኪሙን «ምን ወጣ? ምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት አጽፉ። ፅንስ ቱቦ ውስጥ ቀርቶባት የዳነች ሴት ወር አበባዋ በዘገየ ጊዜ «እስቲ ልየው» ብላ አትቀመጥ። አደጋው ሊደገም ይችላልና፣ በጊዜ ሄዳ ትመርመር፣ ፅንሱ የት እንዳለም በአልትራሳውንድ ትታይ።